ከእንጨቱ ሥር የተተኮሰ ስም

መስከረም 14

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለአጎቴ ልጅ፤

ይህ ደብዳቤ አንቺንም አጎቴንም በጤና፣ ጣራው ሳያፈስ፣ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው እንዲያገኛችሁ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የባርኔጣ ቤቱ እንፋሎት ፊቴን ቢቀቅለውም ከናንተ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

የላካችሁልኝ የባርኔጣ መወጠሪያ የእንጨት ራሶች ደርሰዋል። ሣጥኑን ስከፍተው ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበበኝ። እዚህ አገር አብዛኛው ባርኔጣ ቤት በፋብሪካ በተቀረጸ ራስ ነው የሚሠራው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ እንደ ሐብሐብ የተድበለበለ። የአጎቴ ሥራ ግን ሌላ ነው። ግንባሩ ጋ ጠበብ፣ ማጅራቱ ጋ ለቀቅ ያለ፣ የእውነት የሰው ራስ። የረጠበውን ሱፍ ስወጥርበት ሳላስገድደው ቦታ ቦታውን ይይዛል። የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌዋ አሠሪዬ፣ አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችና "ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እጁ ግን አላረጀም" አለች። እንዴት እንደኮራሁ አልነግርሽም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት የድሮ ዘመን ባርኔጣዎች አዞናል። ከነሱ መሀል አናቱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ የሆነ አለ። እንዲህ ያለው ባርኔጣ አንድ ወጥ ራስ ላይ ከተሠራ በኋላ ሲወልቅ ይቀደዳል። ስለዚህ በአምስት ቁራጭ የሚገጣጠም ራስ ያስፈልገኛል፤ የመሀሉ ሽብልቅ ሲነቀል የቀሩት ወደ ውስጥ ተጠግተው አንድ በአንድ የሚወጡበት ዓይነት። ይህን ከአጎቴ በቀር የሚሠራልኝ አላውቅም።

አንድ አደራ አለኝ፤ አትቀየሚኝና አንቺ እንዳትነኪው። ባለፈው ከመጡት ባንዱ ላይ ሥሩ አካባቢ ሻካራ ነገር አየሁና "ይሄማ የስንጥር እጅ ነው" ብዬ የልጅነት ቅጽል ስምሽን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። ማለስለሱንም ለሳቸው ተዪላቸው። አንቺ ሻይ እያፈላሽ ካጠገባቸው አትጥፊ፤ ያ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ደግሞ አሠሪዬ የአጎቴን ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ትፈልጋለች። መሮ ይዘው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ብታስነሺልኝ።

ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ እሳቸው እንደሚሉኝ፣ ጎበዙ


ጥቅምት 22

ለወንድሜ፤

ሰላምታህ ደርሶናል፤ ያንተም ጤና አይጓደል። ጣራው አያፈስም፤ ወጥቼ የደፈንኩት እኔ ነኝ።

አባባ ደብዳቤህ ሲመጣ እንደ ልማዳቸው "ጎበዙ ምን አለ?" አሉ። አነበብኩላቸው። "አንቺ እንዳትነኪው" የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝና "ቀጥይ" አሉኝ። ቀጠልኩ።

ባለ አምስት ቁራጩ ራስ ይሠራል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ቁራጮቹ ሲገጠሙ መሀላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ እንፋሎቱ ገብቶ ያጣምማቸዋል። ችኮላ አይወድም።

ፎቶው አይሆንም። አባባ ፎቶ አይወዱም።

ስለ ሻካራው አንድ ነገር ልበልህ። ሥሩ የሚሻክረው ሆን ተብሎ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ እንዳይንሸራተት። እዚህ ቤት አድገህ ይህ አምልጦሃል ማለት ነው። አንተ ሞርሳው ጋ ቆመህ መሮ ስትማር እኔ ከእግርህ ሥር ሰጋቱራ እጠርግ ነበር፤ ከወለል ሆኖ ላየ ብዙ ነገር ይታያል። ስንጥር ያላችሁኝ ቀጭን ስለነበርኩ ብቻ አይመስለኝም።

ሻዩን አፍልቻለሁ።

እህትህ


ኅዳር 9

ለእህቴ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ደብዳቤሽን ግን ደግሜ አንብቤ ደስ አላለኝም።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። ለአጎቴ በስማቸው የምጽፈውን ሁሉ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። በእጃቸው የጻፉት አንድ መስመር ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። አይናቸው ደክሟል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።

በቀደም አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወደ ሱቃችን መጣ። በከተማችን አልፎ የመጣ ሰው ነው። የአጎቴን ቤት ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት።

"የራስ ጠራቢው? ከጫማ ሰፊው ጎን ያለው?" አለኝ።

"አዎ፣ እሱ። እንዴት ናቸው?"

"ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ውስጥ አንዲት ሴት መዶሻዋን ታስጮኸዋለች።"

"ሌላ ቤት አይተህ ይሆናል" አልኩት።

"አልተሳሳትኩም፤ ሳልፍ ሁሉ የማየው ነው። ሰውዬው እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው ነው የሚቀመጡት" አለኝ።

ይህ ምን ማለት ነው? አጎቴን ከገዛ ጠረጴዛቸው አንሥተሽ በር ላይ አስቀመጥሻቸው? እኔ በሳቸው ስም በማዘው እንጨት ላይ አንቺ ትለማመጃለሽ? ለዚህ ነው ፎቶ የማይወዱት?

እዚህ ስለ አጎቴ ያልተናገርኩት ሰው የለም። አሠሪዬ ስማቸውን በኛው ፊደል ትልቁ ግድግዳ ላይ እያስጻፈች ነው። ቲያትር ቤቱም በሚያድለው ወረቀት ላይ ሊያወጣው ነው። የቤቱ ዋና ባለሙያ እንድሆን የታሰብኩትም ራሶቹን በማምጣቴ ነው። ስለዚህ ቀልድ አይደለም። ሁለት መስመር በእጃቸው ይጻፉልኝ። ሁለት መስመር ብቻ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ለአክስቴ ልጅ፤

አባባ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፤ ደብዳቤ ላይ ከናፍቆት በቀር ይባላል፣ እኔ ግን ዛሬ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ሁለት መስመር በእጃቸው ይጻፉ ብለሃል። እጃቸው አይጽፍም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ አይቆልፍም። ከሄድክ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ክረምት ላይ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርዱ ነው አሉ። ከዚያ መሮው ስቶ ግራ መዳፋቸውን ሰነጠቀው። ደማቸው የጀመሩት ራስ ላይ ፈሰሰ፤ ራሱን ምድጃ ውስጥ ጣሉትና "ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ። እጃቸውን በጨርቅ እያሰርኩ "እሺ" አልኩ። በዚያው ሰሞን ያንተ ትዕዛዝ መጣ።

"እኔ ልሥራው" አልኳቸው።

ሳቁ። እየሳቁ ጀመርኩት። ስጨርሰው አምጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። ብዙ ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ ማጅራቱን፣ ጆሮ ግንዱን። ጥሩ ነው አላሉም፤ መጥፎ ነው አላሉም። "ማኅተሙን እሳት ውስጥ ክተቺው" አሉ። ስማቸው የተቀረጸበትን ብረት አግዬ፣ በገዛ እጄ፣ የሠራሁት ራስ ሥር ስማቸውን ተኮስኩት። ለምን የኔ ስም አይሆንም ስላቸው ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? "የሴት ስም ያለበት ራስ ማን ይገዛል? ጎበዙም አይገዛሽ።" በዚህ በዚህስ አልተሳሳቱም።

ከዚያ ወዲህ ወዳንተ የሄደው ሁሉ የኔ ነው። ግንባሩ ጋ ጠበብ ማጅራቱ ጋ ለቀቅ ያልከው የኔ ነው። አሠሪህ በአውራ ጣቷ የዳሰሰችው የኔ ነው። እጁ አላረጀም ማለቷ እውነቷን ነው፤ ገና አርባ አልሞላውም።

ነጋዴው ያየውም ልክ ነው። አባትህ የሆኑትን ሰው እኔ ከጠረጴዛቸው አላነሣኋቸውም። እጃቸውን ብብታቸው ሥር የሚወትፉት መንገደኛ እንዳያይባቸው ነው።

ባለ አምስት ቁራጩ ራስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ደጋግሞ ተበላሽቶብኝ በስንት መከራ የተሳካ ነው። አንቺ እንዳትነኪው ያልከውን ከሽብልቁ እስከ ጠርዙ ነክቼዋለሁ።

የአጎትህ ልጅ


ታኅሣሥ 27

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጠዋት ነው። ግድግዳው ላይ ሠዓሊው መሰላል ላይ ቆሞ የአጎቴን ስም የመጨረሻ ፊደል ያደምቅ ነበር። እኔ ከሥሩ ቆሜ ያንቺን ወረቀት አነባለሁ። ሠዓሊው "ቀጥ ብሏል?" እያለ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላውቅም።

ያሳደገኝ ሰው ሥራ ነው እያልኩ ለሠራተኛው፣ ለደንበኛው፣ ለቲያትር ቤቱ ሰዎች አፌን ሞልቼ ስናገር ኖርኩ። ለካ ቤተሰቤ በሳጥን ውሸት እየሞላ ሲልክልኝ ነው የኖረው። አንድ ሰው ባልሠራው ነገር ላይ ስሙን ለጥፎ መላክ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

ከሁሉም የቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። አጎቴ እጃቸውን ሲያጡ እኔ አልሰማሁም። ማን ነኝ እኔ? ታመዋል ብትዪኝ አልመጣም ነበር? መድኃኒት አልልክም ነበር? ልጃቸው ነኝ እያልኩ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዕቃ ሳዝባቸው ኖርኩ፤ አንቺ ደግሞ እያየሽ ዝም አልሽ።

ራሶቹን በሙሉ ከመደርደሪያው አውርጃለሁ። ሰብስቤ ልኬልሻለሁ። አሁን ልብ ብዬ ሳያቸው የሴት እጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ እስከዛሬ እንዴት እንዳልታየኝ ይገርመኛል። ባለ አምስቱን ሳልፈታው መልሼዋለሁ። አሠሪዬ ለሕክምና ሌላ ከተማ ናት። ስትመለስ የፋብሪካውን ታገኛለች፤ እሱ ቢያንስ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።


የካቲት 2

አትጻፊልኝ ብለሃል። እጽፋለሁ።

ሣጥንህ ደረሰ። በጋዜጣ እንኳ ሳትጠቀልላቸው እንደ ማገዶ ወርውረህ ነው የከተትካቸው። ተጋጭተው ያንዱ ጠርዝ ተሸርፏል። በኔ ብትናደድ እንጨቱ ምን አደረገህ?

አንድ ባንድ እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ከመሀላቸው ሁለቱ የኔ አይደሉም። የአባባ ናቸው። እጃቸው ሳይታመም የሠሯቸው፣ አንተ ስትሄድ በጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ያሸከሙህ። ልብ ብለህ አይተህ፣ የሴት እጅ መሆኑ ያስታውቃል ብለህ፣ እነሱንም ልከሃቸዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሣጥኑን በእግሬ መታሁት፤ የእግሬ አውራ ጣት እስካሁን እንዳበጠ ነው።

አባባ በር ላይ ነበሩ። የመጀመሪያውን ራስ ሞርሳው ላይ ገልብጬ አሠርኩና መላጊያውን አነሣሁ። ድምፁን ሰምተው ዞሩ።

"ምን እየላግሽ ነው?"

"ስምዎን።"

"ስሜ ምን አደረገሽ?"

"ምንም አላደረገኝም። እኔ ነኝ ሳደርግለት የኖርኩት።"

"አቁሚ።"

"አላቆምም።"

"ይህ ቤት የኔ ነው።"

"አዎ፣ ቤቱ የርስዎ ነው። ጠረጴዛውም መሮውም የርስዎ ነው። ይሄ ግን የኔ ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ያላወቀው ጎበዙ ነበር፣ አሁን እሱም አወቀ።"

ተነሥተው መጡ። መላጊያውን ሊነጥቁኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው መላጊያው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም አየነው። እሳቸው መልሰው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ልቤ ሊራራ ሲል ተቆጣሁትና መላጉን ቀጠልኩ። የተቃጠለው ስም እየተጠቀለለ በፍቅፋቂ መልክ እግሬ ሥር ወደቀ። ጥቁር ጥቁሩ ሁሉ እስኪጠፋ ላግሁት።

ከዚያ ብረት ቀጥቃጩ ጋ ሄድኩ። የማኅተም ብረት ሥራልኝ ብዬ ስሜን በወረቀት ሰጠሁት።

"ባልሽ ነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ማኅተም ምን ያደርግልሻል?"

"ሥራልኝ አልኩህ እንጂ አማክረኝ አላልኩህም።"

ሠራልኝ። ፊደሉ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ይነበባል ግን። ካባባ ሁለቱ በቀር ሁሉም ሥር ተኮስኩት። የሳቸውን አልነካኋቸውም፤ ስማቸው እንዳለ ነው።

አባባ ብዙ ቀን አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ቀን ከተደረደሩት አንዱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ጭናቸው ላይ አደረጉና "የዚህኛው አንገት ወፍሯል" አሉ።

"አልወፈረም።"

"ወፍሯል አልኩሽ።"

አላረምኩትም። አልወፈረም።

ታመዋል ብትዪኝ አልመጣም ነበር ብለሃል። በየደብዳቤህ መጨረሻ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ ትላለህ። ስምልህ ኖሬአለሁ። ስለ እጃቸው ግን አንድም ቀን ጠይቀህ አታውቅም፤ ብትጠይቅ ምን እንደምል እኔም እንጃ፤ አልጠየቅክም እንጂ። እጃቸውን የምታውቀው በሚልከው ዕቃ ነበር። ዕቃው እስከመጣ ድረስ እጁ ደህና ነው።


የካቲት 29

ለምወድሽ እህቴ፣ ለመከራ ጊዜ ዘመዴ፤

ቤታችሁ በሰላም የተሞላ፣ ቀናችሁ የተቃና ይሁን። ለአጎቴ ጤናውን ያብዛላቸው።

የተጻጻፍነውን ሁሉ ንዴት ያጻፈው ነው፤ አንቺም እርሺው እኔም ልርሳው። አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። አሠሪዬ ተመልሳለች። ኮቷን ሳታወልቅ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች፤ መደርደሪያው ባዶ ነው።

"የት ሄዱ?" አለችኝ።

"ለእድሳት ወደ አጎቴ ልኬአቸዋለሁ" አልኳት። ምን ልበላት? ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል።

"ሳልነግርህ?" አለች። አለመጮኋ ነው ያስፈራኝ።

የፋብሪካው ራስ አልሆነም። ባርኔጣው ተዋናዩ ራስ ላይ እንደ ድስት ክዳን ተቀምጦ ሰው ሳቀ፤ ትርኢቱ ደግሞ የሚያስቅ አይደለም። አናተ ሰፊውን ስሞክር ሁለት ሱፍ ቀደድኩ። የቲያትር ቤቱ ሰው በየቀኑ እየመጣ በር ላይ ይቆማል። ጓደኞቼ ሥራ ፈትተው ካርታ ይጫወታሉ።

እባክሽ ራሶቹን ላኪልኝ። ስማቸውን ልገሽው ከሆነ መልሰሽ ተኩሺበት። ለዚህ ጊዜ ብቻ። ግድግዳው ተጽፏል፤ ወረቀቱም ታትሟል፤ አሁን ሌላ ስም ይዤ ብቀርብ እብድ ነው የምባለው። ለሰላም ስንል እንጂ እውነቱማ የታወቀ ነው፤ እኛው መሀል ይቅር። አንቺም የምትፈልጊውን ጻፊልኝ፣ አላሳፍርሽም።

የአጎቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ለአክስቴ ልጅ፤

ደህና ነን።

ባልሠራው ነገር ላይ ስሙን ለጥፎ መላክ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ ብለኸኝ ነበር። ላንተ ሥራ ሲጠቅም ግን ስሙ ሰላም ነው ማለት ነው። አባባ ሲያደርጉብኝ አባቴ ናቸው ብዬ ዋጥኩት። አንተ ግን እኔን በውሸት ከሰህ፣ ሥራዬን በሣጥን ወርውረህ መልሰህ፣ ያንኑ ውሸት እንደገና በእጄ እንድተኩስ በትሕትና ትለምነኛለህ። ስድብህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀትህን አጣጥፌ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ልወትፈው ነበር፤ ስስ ሆነ።

ራሶቹን ልኬአለሁ። ለሥራ የተሠሩ ስለሆኑ ነው፤ እዚህ ተደርድረው አቧራ ሲጠጡ ማየት አልወድም። እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልያለሁ፤ የተሸረፈውን ጠግኜዋለሁ። የአባባ ሁለቱም አሉበት። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ያንተ ስም አይደለም፣ የአሠሪህ ነው። ከላይ ለሷ የጻፍኩት ወረቀት አለ። ቋንቋችንን ስለማታውቅ አንተ ታነብላታለህ። አጭር ነው፤ እነዚህን የሠራሁ እኔ ነኝ፣ ሁለቱን አባቴ፤ በዚህ ስማቸው ከፈለግሻቸው ይሥሩልሽ፣ ካልፈለግሻቸው መልሺልኝ፣ ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። ስላንተ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

እንደ ወትሮው ጉልበታቸውን ሳሚልኝ ብለሃል። አልሳምኩልህም።


ሚያዝያ 18

ለአጎቴ ልጅ፤

ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ታርቄሽ አይደለም። አሠሪዬ "ጻፍላት" ስላለችኝ ነው፤ ያለችኝንም ጽፌ እጨርሳለሁ።

ሣጥኑ የተከፈተው ሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት ነው። አሠሪዬ ወረቀቱን ሰጠችኝና "አንብብልኝ" አለች። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ በቋንቋዋ "እነዚህን ያደሰው አጎቴ ነው" ብዬ ጀመርኩ። እሷ በመሀሉ አንዱን ራስ ገልብጣ ሥሩን ታያለች። ከዚያ ግድግዳውን አየች። እንደገና ሥሩን።

"ይሄ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም" አለችኝ።

ፊደላችንን አታነብም። ዕድሜዋን ሙሉ ቅርጽ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ቅርጹ እንደማይመሳሰል አየች። "ከመጀመሪያው አንብብ" አለች። ከመጀመሪያው አነበብኩ። ስጨርስ ስምሽ እንዴት እንደሚጠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልያዘላትም። በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ እስኪያዝላት ድረስ ስምሽን እየደጋገምኩ አስጠራኋት።

ሠዓሊው ተጠርቶ ግድግዳው ተለቅልቋል። በአጎቴ ስም ቦታ ምን እንደሚጻፍ ገና አልተነገረኝም። ዋና ባለሙያነቱ ለሌላ ተሰጥቷል። "ሳልነግረው መደርደሪያዬን ባዶ ላደረገ ሰው መደርደሪያ አላስረክብም" አለችኝ። ስላጎቴ ስም የዋሸሁትን አላነሣችብኝም፤ ብታነሣው ይሻለኝ ነበር። አሁን እንፋሎቱ ጋ ከታች ነኝ። ደስ ይበልሽ።

ይህን ጻፍ ያለችኝ እስከዚህ ነው። ትዕዛዙ እንደሚቀጥል፣ በስምሽ እንደሚሆን ንገራት ብላለች።

የሚከተለውን ጻፍ አላለችኝም። አናተ ሰፊውን ባርኔጣ ባንቺ ባለ አምስት ቁራጭ ራስ ላይ ሠራሁት። ሲደርቅ ሽብልቁን ነቀልኩ። የቀሩት ሳይታገሉኝ ወጡ። ሱፉ ምንም አልሆነም። ሽብልቁን እጄ ውስጥ ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ያኔም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ።

የአጎቴ እጅ እንዴት ነው? ሁለቱም ነው የሚንቀጠቀጠው ወይስ ቀኙ ብቻ?


ግንቦት 11

ለአክስቴ ልጅ፤

በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን።

ቀኙ ነበር፤ ዘንድሮ ግራውም ጀምሮታል። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ሲተኙ ይተዋቸዋል።

ደብዳቤህ የደረሰው ምሳ ላይ ነው። አባባ "ጎበዙ ምን አለ?" አሉ። ለወትሮው እየዘለልኩ ነበር የማነብላቸው፤ የሚያስከፋቸውን እያለፍኩ። ዛሬ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው። ግድግዳው መለቅለቁንም አነበብኩ። ዋና ባለሙያነቱን ማጣትህንም። ስለ ሽብልቁ የጻፍከው ጋ ስደርስ "እሱን ድገሚው" አሉ። ደገምኩት።

ከዚያ የሾርባ ሳሕናቸውን ገፋ አደረጉ።

"ሁለቱስ?" አሉኝ።

"የትኞቹ ሁለቱ?"

"የኔዎቹ። አብረው ሄዱ?"

"ሄደዋል።"

"ስሜ አለባቸው?"

"አለባቸው። አልነካኋቸውም።"

ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ለማሳረፍ ሞከሩ፤ እንጨቱን እየነካካ አስቸገራቸው።

"እንግዲህ እኔ ሁለት ነኝ ማለት ነው" አሉ።

አርባ ዓመት ሙሉ የሠሯቸው ራሶች በየአገሩ እንዳሉ ላስታውሳቸው እችል ነበር። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ልላቸውም እችል ነበር፤ አላስተማሩኝም እንጂ፣ ከወለል ሆኜ ነው ያየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ስሜን ሲከለክሉኝ አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ስንት ነሽ ብለው አልጠየቁኝም። ገና አልበረደልኝም።

"አዎ" አልኳቸው።

ማንኪያውን አንሥቼ ሾርባውን ቀዳሁና ወደ አፋቸው አስጠጋሁት። ፊታቸውን አዞሩ። እጄን ሳላወርድ ጠበቅኋቸው።

የአጎትህ ልጅ